የሸራው ግንባር

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከዳገቱ ሥር፣
የዕድራችን ንብረት በእኔ እጅ ነው የሚቆጠር፦
ስልሳ ሁለት ወንበር፣ ሦስቱ እግረ ሰባራ፣
አንድ ሰፊ ድንኳን፣ የተጣፈ ሸራ፣
ሁለት ብረት ድስት፣ ሁለት የማረጃ ቢላ፣
አንዱ በቀይ ክር፣ በሰማያዊ ሌላ፣
እጀታቸው ታስሮ፣ በየመደርደሪያው
ጎን ለጎን ያድራሉ፤ ቁልፋቸው ግን ያው።

ቢላውን ለይተን፣ ድስቱን ለይተን፣
ድንኳኑን ግን አንድ አድርጉ ማን እንዳለን
እኔ እንጃ። ስረከብ እንዲሁ ነበር፣ እንዲሁ ቆየን።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ባለ ወፍጮው መጣ።
«አርጅቷል» አለኝ፣ ሸራውን በጣቱ እየወጋ።
«አዲስ ልግዛላችሁ፣ ነጭ፣ ዝናብ የማያስገባ።
አንዲት ነገር ብቻ፤ ግንባሩ ላይ በትልቁ
የእምነታችን ምልክት ይታተም፣ ሰዎች እንዲያውቁ።»

ምልክቱ የቱ ነበር? አልናገርም፣ አንባቢ።
የራስህን ስለህ እንዳትሆን አጨብጫቢ፣
የሌላውን ስለህ እንዳትቆጣ ብዬ ነው።
የትኛውም ይሁን፣ ያስጨነቀኝ ያው ነው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አሮጌው ያፈስሳል፣
የጦሳ ጉም ሲወርድ ለቀስተኛው ይርሳል።
«ብዙዎቹ እኛ ነን፣ ምን ነውር አለው?» ሲል ገንዘብ ያዡ፣
ሁለት ሰዎች ጫማቸውን አዩ፤
እነሱ ናቸው የማይበዙ።

ያን ሌሊት ለፈተናዋ ስታጠና ወለላ ልጄ፣
አጠገቧ ተቀመጥሁ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ይዤ።
«ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ አሥራ አንድ» ትላለች ዓይኗን ጨፍና፣
«መንግሥት ሃይማኖት የለውም።» ደነገጥሁና
«ታዲያ ከሃዲ ነው?» አልኳት።
«እሱን ገና አልተማርንም» ብላ ገጹን ገለጠች።
እኔ ግን አልተኛሁም፤ ሻማዋ እስከ ሥሯ ቀለጠች።

አራጋው ሙሄ ትዝ አለኝ፤ በነሐሴ ነው የሞተው።
እንድሪስ ወደ መስጊዱ፣ ጌታነህ ወደ ደብሩ ሊወስደው፣
አባት መሐል ተኝቶ፣ ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሮ፣
ወንድማማች ተናነቁ፣ የእናት ልጅነት ቀርቶ፣ ተቀብሮ።
ከአዝዋ ገደል ነፋስ ተነሥቶ ሸራውን ወደ ላይ ሲመዘው፣
አንዱን ገመድ እንድሪስ፣ ሌላውን ጌታነህ ያዘው።
እየተሰዳደቡ ያዙት።
ድንኳኑ አልፈረደም። የፈረዱት ሽማግሌዎች ናቸው፣
ያም ቢሆን ሁሉን አላስደሰተም ፍርዳቸው።
ሸራው የሠራው አንድ ሥራ፦
ጠቡን ከዝናብ አስጠለለ፣ እስኪያባራ።

የምሰሶ ሃይማኖቱ መቆም ነው፣ አልኩ ለራሴ።
እኔም የምጸልየው አላጣሁም ለነፍሴ፤
ግን ጸሎቴን ለምሰሶው አላሸክመውም።
ምሰሶው አንዱን ወገን ከመረጠ፣
በሌላው ቀብር ቀን ዝናቡ ማን ላይ ይውረድ?

አልዋሽም፤ ሸራ ድንጋይ አይመክትም።
አንድ ክፉ ሌሊት የተወረወረ ቀዶታል፤
ቀዳዳውን በዱቄት ጆንያ ጥፌዋለሁ።
ከውስጥ ለተቀመጠ የወፍጮው ስም ተገልብጦ ይነበባል፣
ባለቤቱ እስከ ዛሬ አላየውም።
የወለላም መጽሐፍ እንዲያው ነው፤ ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል፤
መርፌ የሚያነሣ ሰው ከጠፋ ብቻውን ምን ያደርጋል?

እሑድ ለድምፅ ተሰበሰብን። እጅ ሳይወጣ ገና
ስልኬ ጮኸ፤ ሆጤ ሰው ሞቷል፣ «ቶሎ በሉ፣ ሊዘንብ ነው» አሉና።
ስሙን ነገሩኝ።
ስም ደሴ ላይ ምን ያሳውቃል? አራጋው የሁለቱም ነው።
ሰው ሁሉ ዓይኔን ያያል። የትኛው ነው? የኛ ነው? የነሱ ነው?

«ስንት ወንበር?» አልኩ ለደዋዩ።
ሁለቱንም ቢላ በጆንያ ጠቀለልሁ፣
ሸራውን ከወለሉ ጎትቼ ለባለ ወፍጮው
«ጌታው፣ ይህን ጫፍ ይያዙልኝ» አልሁ።

ያዘ። አጎነበሰ፣ አቃሰተ።
አሮጌ ሸራ ሲርስ ይከብዳል።